በሂሳብ የተያዘ ድግምት

የናኦሚ ኖቪክ ልብ ወለድ «ኤ ዴድሊ ኤጁኬሽን» የሚጀምረው በአንዲት ተማሪ የግድያ ሐሳብ ነው። ኤል የምትባለው ይህች ልጅ ልትገድለው የቆረጠችው ኦራየን ሌክ የተባለ የትምህርት ቤት ባልደረባዋን ነው። ጥፋቱ ምን ሆነና? ሁለት ጊዜ ሕይወቷን አድኗል። አንባቢው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የአፍላነት ንዴት ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥቂት ገጾች ካነበበ በኋላ ግን የልጅቷ ቁጣ ከንዴት ይልቅ ወደ ሂሳብ የሚያደላ መሆኑ ይገባዋል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ኃያል ዘመድ የሌለው ተማሪ ከመጨረሻው ቀን በሕይወት ለመውጣት ሌሎች ተማሪዎች «ከእኛ ጋር ሁን» ሊሉት ይገባል። እንዲህ የሚሉት ደግሞ የሚጠቅማቸው መሆኑን ሲያምኑ ነው። አንድ ጀግና እየሮጠ የሚያድናት ልጅ ግን ለማንም ሸክም እንጂ አጋር አትመስልም። ስለዚህ ኦራየን ባዳናት ቁጥር የነገ ዋስትናዋን ይነጥቃታል። በዚያ ላይ በክፍሏ ውስጥ የገደለው ነፍስ በል ጭራቅ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ይከረፋል። እሱን ማጽዳት ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይሏን ደግሞ ያጠራቀመችው በጠብታ ነው። ልጁ ነፍሷን አትርፎ ዕዳውን ለእሷ ትቶላት ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር አንባቢ ለመሳብ ብቻ የተጻፈ አይደለም። መጽሐፉ ሙሉው እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፦ ቸርነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ቸሩ ሰው ላይሆን ይችላል። በዚህ ልብ ወለድ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህንን ነው። ደራሲዋ ለእያንዳንዱ ድግምት ዋጋ ቆርጣለታለች፤ ያንን ዋጋ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳትሰርዝ ሳትደልዝ ጠብቃዋለች። በአስማት ታሪክ ውስጥ ይህ ብርቅ ነው። አብዛኛው ጸሐፊ ችግሩ ሲጠነክርበት አዲስ ተአምር ከኪሱ ያወጣል። ኖቪክ ኪሷን አስቀድማ በፊታችን ገልብጣ አሳይታናለች፤ ስለዚህ ማምታታት አትችልም።

ትምህርት ቤቱ ስኮሎማንስ ይባላል። የቆመው በምድር ላይ አይደለም፤ ከዓለም ውጭ ባለ ባዶ ጽልመት ውስጥ ነው። ከሰው አገር ጋር የሚያገናኘው ከታች ባለው አዳራሽ የሚገኘው በር ብቻ ነው። መምህር የለም፣ ርእሰ መምህር የለም፣ ዘበኛም የለም። ለበዓል ወደ ቤት መሄድ አይታሰብም። በ14 ዓመታቸው የገቡ ልጆች አራት ዓመት ከርመው ይወጣሉ፤ መውጣት የቻሉት ማለት ነው። የሚያስተምራቸው ሕንፃው ራሱ ነው። የቤት ሥራ ያድላል፣ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ሰነፍ ተማሪን ይቀጣል። ጭራቆቹ ደግሞ በቧንቧው፣ በአየር ማስገቢያው፣ በምግብ ማቅረቢያው፣ ከወንበር ሥር፣ ከመጻሕፍት መካከል ይመጣሉ። የጎረምሳ አስማተኛ ሥጋ ይጣፍጣቸዋል።

እዚህ ላይ የትኛውም ጤነኛ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ልጁን ወደዚህ የሚልክ ወላጅ ምን ዓይነት ወላጅ ነው? የአስማት ትምህርት ቤት ልብ ወለዶች ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ያልፉታል። ልጆች በየዓመቱ ከሞት አፍ ይወጣሉ፤ ወላጆች በሚቀጥለው ዓመት ሻንጣ ሸክፈው መልሰው ይሸኟቸዋል፤ ማንም «ለምን?» አይልም። ኖቪክ ጥያቄውን አልሸሸችውም፤ እንዲያውም ሕንፃዋን የገነባችው በመልሱ ላይ ነው። ጭራቆቹ ውጭም አሉ። ጠባቂ የሌለው አስማተኛ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለአቅመ አዳም የመድረስ ዕድሉ ከ20 አንድ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግን ከአራት አንድ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያ የጭካኔ ሕንፃ የምሕረት ሕንፃ ሆኖ ይታያል። ከአራት ልጆች ሦስቱን የሚቀብር ቦታ ወላጅ የሚመኘው፣ ልጁን ለማስገባት የሚጋፋበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ጥያቄ የለውም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የሚቀረው።

የሕንፃው አሠራር ራሱ ታሪኩን ይነዳዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ከላይ ነው፤ ወርክሾፑ ከታች፤ የምረቃው አዳራሽ ከሁሉም በታች። የተማሪዎቹ መኖሪያ በየዓመቱ መጨረሻ እየተሽከረከረ አንድ እርከን ወደ ታች ይወርዳል። አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ የሚተኛው ለአዳራሹ ቅርብ በሆነው ወለል ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን ያ መኖሪያ ተማሪዎቹን ወደ አዳራሹ ያፈሳቸዋል፤ እዚያ የተራቡ ጭራቆች ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። በሌላ ትምህርት ቤት ዕድገት ሽቅብ ነው፤ እዚህ ቁልቁል። ደራሲዋ ይህን በአንድ ረጅም ገለጻ አትነግረንም፤ በጉዳይ ታስተምረናለች። ኤል ዕቃ ፈልጋ ወደ ወርክሾፑ ስትወርድ ከእሷ ጋር እንወርዳለን፤ ደረጃው እየረዘመባት ስትሄድ መንገዱን በእግራችን እናውቀዋለን። መጽሐፉን ጨርሶ የዘጋ ሰው የስኮሎማንስን ካርታ ከጭንቅላቱ ሊስል ይችላል።

ትንንሾቹ ነገሮች ደግሞ ከትልልቆቹ እኩል ታስቦባቸዋል። ወደ ሻወር ብቻውን የሚሄድ የለም፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይጠብቃል። ኤል ጓደኛ ስለሌላት በቅጡ ታጥባ አታውቅም። በመመገቢያው አዳራሽ ምግብ ከመነካቱ በፊት ይመረመራል፤ ወንበርና ጠረጴዛ ይፈተሻል፤ ከአየር ማስገቢያ ሥር ያለው ቦታ ለወዳጅ አልባው ይተርፋል። ቁርስ ለመብላት ወዳጅ ያስፈልጋል። ብቸኝነት በሌላ ልብ ወለድ ስሜት ነው፤ በዚህ ትምህርት ቤት የሚገድል ጉድለት ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ትሪውን ይዞ ኤል አጠገብ ሲቀመጥ የሚሰማን እፎይታ በሌላ መጽሐፍ ሠርግ ላይ የሚሰማንን ያህል ነው። ደራሲዋ ይህን እፎይታ ያገኘችው ስለ ጓደኝነት አንድም የሚያምር ቃል ሳትናገር ነው።

አሁን ወደ ኃይሉ ምንጭ ልምጣ፤ የሥራው ጥራት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ድግምት በማና ይሠራል። ማና የሚገኘው ከድካም ነው፤ ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ በሠራው ልክ ይጠራቀማል። ኤል በየቀኑ ፑሽ አፕ ትሠራለች፤ ያገኘችውን እናቷ በሰጠቻት ክሪስታሎች ውስጥ ታስቀምጣለች። ግን አንድ ሕግ አለ፦ ሰውነቷ እየጠነከረ ሲሄድ ፑሽ አፑ ይቀላታል፤ ሲቀላት የሚሰጠው ማና ይቀንሳል። የሚለካው ውጤቱ ሳይሆን ምሬቱ ነው። ይህች ትንሽ ሕግ ስንት የተለመደ መውጫ እንደምትዘጋ አስቡት። በሌሎች ታሪኮች ጀግናው ይለማመዳል፣ ይበረታል፣ ያሸንፋል። እዚህ ልምምድ ራሱን ይበላል።

ከዚያም ኪሮሹ ይመጣል። ኤል ኪሮሽ መሥራት ትጠላለች፤ ስለምትጠላውም ብዙ ማና ያስገኝላታል። ይህ ዝርዝር መጀመሪያ ሲጠቀስ የአመሏን መራርነት ለማሳየት የገባ ይመስላል። ቆየት ብሎ ሆዷን በስለት ይወጓትና ፑሽ አፕ መሥራት ያቅታታል። ያን ጊዜ የቀራት መንገድ ያ የምትጠላው መርፌ ነው። ቁስሏ እየጠዘጠዛት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀለበት በቀለበት ትሠራለች። በሌላ ደራሲ እጅ ይህ የማገገሚያ ትዕይንት ሆኖ በሁለት አንቀጽ ያልፍ ነበር። ኖቪክ ግን ከእሱ ሦስት ነገር አውጥታለች። የኤልን ጽናት አሳየችን፤ የኃይሉን ሕግ በድጋሚ አስተማረችን፤ ኋላ ላይ ያ ማና በአንድ ጊዜ ሲፈስስ ደግሞ እያንዳንዱን ጥልፍ እንድናስታውስ አደረገችን።

ሁለተኛው የኃይል ምንጭ ማሊያ ነው፤ ከሌላ ሕይወት ነጥቆ መውሰድ። ብዙ ተማሪ ጥቂት ይሰርቃል፤ ከትንኝ፣ ከቅጠል፤ ማን ያየኛል ብሎ። ኤል ግን ምንም አትነካም። ይህን የምታደርገው ቅድስት ሆና አይደለም። ተፈጥሮዋ ወደ ጅምላ ጥፋት ያደላ ነው፤ ክፍሏን የምታጸዳበት ቀላል ድግምት ስትለምን ሕንፃው ሕዝብ የሚፈጅ ድግምት ያቀርብላታል። ገና ሕፃን ሳለች የአባቷ አያት፣ ሙምባይ ያሉ ትልቅ ባለ ራእይ፣ ይህች ልጅ በዓለም ባሉ የአስማተኞች መኖሪያዎች ላይ ሞትና ጥፋት ታመጣለች ብለው ተናግረዋል። እናቷ ግዌን ደግሞ በዌልስ ገጠር በድንኳን ቤት የምትኖር፣ የመጣውን ሁሉ ያለ ክፍያ የምትፈውስ ሴት ናት። ልጅቷ እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሴቶች ቃል መካከል ቆማለች፤ አንዷ ትሆኛለሽ ያለቻት አለ፣ ሌላዋ እንዳትሆኚ ብላ ያሳደገቻት አለ። አንዲት ትንኝ ብትነካ ማቆሚያ እንደማይኖራት ታውቃለች። ደራሲዋ መልካምነትን ከልብ ልስላሴ አውጥታ በየሰዓቱ ወደሚታደስ ውሳኔ የለወጠችው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ተራኪዋ ድምፅ ብዙ አንባቢዎች ቅሬታ አላቸው። ኤል ትዘረዝራለች፤ ጭራቅ በሩን እየቧጠጠ እንኳ የትምህርት ቤቱን ደንብ ታብራራለች። ቅሬታው ፍጹም ሐሰት ነው አልልም፤ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ማብራሪያው ይከብዳል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ መቀነስ ነበረበት። ግን ይህ መዘርዘር የልጅቷ ጠባይ ነው። ለዓመታት የሚያናግራት ሰው ያጣች፣ በሆዷ ከሰው ሁሉ ጋር ስትሟገት የኖረች ልጅ ሰሚ ስታገኝ እንዲህ ነው የምትናገረው። ማብራሪያዎቹን አንድ በአንድ ብትመረምሯቸው ሁሉም ከሆነ ችግር የተነሡ ናቸው። ስለ ጭራቅ የምትነግረን ጭራቁ ስለመጣ ነው፤ ስለ ቋንቋ የምትነግረን የቤት ሥራው ስለበዛባት ነው። በስኮሎማንስ አንድ ተማሪ ቋንቋ ከጀመረ ሕንፃው በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ድግምት ይሰጠዋል። ብዙ ቋንቋ ማወቅ ብዙ ድግምት ያስገኛል፤ በማያውቁት ቋንቋ የመጣ ድግምት ግን ዕዳ ነው። ኤል ሳንስክሪትን፣ ላቲንን፣ ማራቲን የምታጠናው ለዕውቀት ክብር ሳይሆን ለነፍሷ ነው።

ድምፁ ውስጥ የበለጠ የሚደንቀኝ ግን የምትዘለው ነገር ነው። ኤል ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች፤ ስለ ገዛ ደግነቷ ግን አታወራም። አንድ መልካም ነገር ስታደርግ ወዲያው የራስ ወዳድነት ምክንያት ትለጥፍበታለች፦ ይጠቅመኛል ብዬ ነው፣ ዕዳ እንዳይኖርብኝ ነው፣ ስለ ተናደድኩ ነው። አንባቢው ግን ሂሳቡን ተምሯልና ራሱ ይደምራል፤ ድምሩ እሷ ከምትለው ጋር አይገጥምም። ተራኪው የማይናገረውን አንባቢው በራሱ ስሌት እንዲደርስበት ማድረግ ከባድ ሙያ ነው። አደህያና ልዩ የተባሉት ሁለቱ ልጆች አጋር እንሁን ሲሏት ንግግሩ አጭርና ደረቅ ነው፤ የገበያ ውል ይመስላል። የዚያን ውል ዋጋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስንማር ስለቆየን ግን እኔ እዚያ ላይ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል ቤተ መጻሕፍቱን እመርጣለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ጽልመቱ የተዘረጋ ነው፤ መደርደሪያዎቹ እንደ ፈቃዳቸው ይረዝማሉ፤ መጽሐፍም ካልተከበረ ይሰወራል። ኤል በሳንስክሪት መደርደሪያዎች መካከል ስትጓዝ መተላለፊያው እየተለጠጠ ያስቸግራታል፤ የመጻሕፍቱን ርእስ አንድ በአንድ እየተመለከተች በመያዝ መንገዱን ታሳጥረዋለች። በዚያ መካከል ዕድሜ ልክ የሚፈለግ አንድ ብርቅ የድግምት መጽሐፍ እጇ ይገባል። ከዚያ በኋላ የምታየው ሞ-ማውዝ የሚባለውን ጭራቅ ነው፤ ወደ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች መኖሪያ እያመራ።

ሞ-ማውዝ የዋጣቸውን አይገድላቸውም። በውስጡ እያወቁ፣ እየተሰቃዩ፣ እየለመኑ ለዘላለም ይኖራሉ። ብዙ ጎልማሳ አስማተኞች ኃይላቸውን አስተባብረው እንኳ አንዱን መግደላቸው በታሪክ ብርቅ ነው። የኤል አባት በምረቃው ቀን ነፍሰ ጡሯን ግዌንን ለማዳን ሲል በእንዲህ ያለ ጭራቅ ተውጧል። ኤል ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማንም አላያትም፤ ብትሸሽ ማንም አይወቅሳትም። የምታድናቸው ልጆች ስሟን አያውቁም፤ ብታድናቸውም አያውቁም። ለምረቃዋ ቀን ብላ በላቧ ያጠራቀመችው ማና ይነጥፋል። በዚያ ትምህርት ቤት ሂሳብ ብንሄድ መልሱ አንድ ነው፦ ሽሺ።

አትሸሽም። ወደ ውስጡ ትገባለች። የተሰጣትን የጥፋት ተፈጥሮ፣ የቅድመ አያቷን እርግማን፣ ስትፈራው የኖረችውን የመግደል ችሎታ ታወጣውና ሞት ለሚለምኑት ሞትን ትሰጣቸዋለች፤ አንድ በአንድ፣ ደጋግማ፣ እስኪያልቁ። እርግማኗና ምሕረቷ አንድ መሣሪያ ሆነው ተገኙ። ኖቪክ እዚህ ቦታ ላይ ቃላት አላበዛችም። ስንት ጊዜ እንደ ደገመች፣ ምን እንደ ነካት፣ ምን እንደ ሰማች በአጭሩ ታልፈዋለች። ዝርዝር ወዳድ የሆነችው ተራኪ ድንገት ቃል ያጥራታል፤ አስፈሪነቱን የምናውቀው ከዚያ ነው። ከትዕይንቱ በኋላ ደግሞ ሽልማት የለም። ጀግንነቷን የምታውጅላት ነፍስ የለችም፤ እሷም ለማንም አትናገርም። ተነሥታ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ትሄዳለች። ሂሳቡን እስከ መጨረሻው የጠበቀ ጸሐፊ ብቻ ነው እንዲህ ያለ ኪሳራ ያለ ማካካሻ ትቶ ማለፍ የሚችለው።

ሁለተኛው ትልቅ የእጅ ሥራ ኦራየን ነው። ኦራየን ከኒው ዮርክ ነው፤ በአስማተኞች ዓለም ከኃያላኑ ቅጥሮች፣ ማለትም ከተከለሉት የአስማተኞች መኖሪያዎች፣ በአንዱ የተወለደ። የቅጥር ልጆች ከውጭ የመጣ ማና ይጋራሉ፣ ጥሩውን ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ ተከታይ አላቸው። ድሃው ተማሪ አንድ ቀን ከእነሱ ወገን እገባለሁ ብሎ ተላላኪያቸው ይሆናል። ኦራየን ግን ልዩነት አያደርግም፤ ጭራቅ እያደነ ያገኘውን ሁሉ ያድናል። በተለመደው ታሪክ ይህ የሚመሰገን ጀግና ነው፤ ታሪኩም እዚያ ያበቃል። ኖቪክ ግን ሂሳቡን ትቀጥላለች። እሱ ያዳናቸው በርካታ ልጆች መሞት ከነበረባቸው ቦታ ላይ ቆመዋል። ጭራቆቹ ሳይበሉ ከርመዋል፤ ርሃባቸው በርትቷል። ከታች ያሉት ወደ ላይ ለመግፋት ይሞክራሉ፤ የዘንድሮ ተመራቂዎች ደግሞ ከመቼውም ጊዜ የከፋ መንጋ ይጠብቃቸዋል። ተመራቂዎቹ ተቆጥተው መጡ፦ የአንተ ደግነት እኛን ይገድላል። ከመካከላቸውም ጭራቆቹ ወደ ታናናሾቻቸው እንዲሄዱ መንገድ ልንከፍት ነው የሚሉ ተነሡ።

ስህተታቸውን ማሳየት ቀላል አይደለም። በተሰጣቸው ዓለም ውስጥ የሚሉት ልክ ነው። ደራሲዋ ክፉ ሰዎች አድርጋ አላቀረበቻቸውም፤ ዕድሜያቸው 18 የሆነ፣ መሞት የማይፈልጉ ልጆች ናቸው። ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው ስብከት አይደለም፤ የአዳራሹን የተበላሸ ማጽጃ ማሽን ወርዶ መጠገን ነው። ሙያ ያለው፣ ጋሻ የሚሆን፣ የሚዋጋ ተመርጦ በተቆጠረ ጊዜ የሚሠራ የጥገና ሥራ። ትልቁ ፍልሚያ የቧንቧና የብረት ሥራ መሆኑ ደስ ይለኛል። የሥነ ምግባር ጥያቄ ተነሥቶ መልሱ በእጅ ሥራ ሲመለስ በልብ ወለድ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

የትምህርት ቤቱ ስም የኖቪክ ፈጠራ አይደለም። በትራንሲልቫንያ አፈ ታሪክ ስኮሎማንስ ዲያብሎስ ራሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ኤሚሊ ጄራርድ የተባለች ጸሐፊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀችው፤ ብራም ስቶከርም በ1897 በ«ድራኩላ» ጠቀሰው። በአፈ ታሪኩ አሥር ተማሪዎች ይገባሉ፤ የተፈጥሮን ምሥጢር፣ የእንስሳትን ቋንቋ፣ ድግምትን ይማራሉ። ሲጨርሱ ዘጠኙ ይለቀቃሉ፤ አሥረኛው የትምህርቱ ክፍያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ትምህርት ቤት ይወጣሉ የሚባሉት አስማተኞች በሮማንያ የሚጠሩበት ስም ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር ይያያዛል። እኛም አገር የክታብ ጥቅልሎች ላይ «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው ጸሎት አለ፤ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠመደበት። ሁለቱም ሕዝቦች የአንዱን ንጉሥ ጥበብ ከአጋንንት ጋር አገናኝተውታል። ኖቪክ ከአፈ ታሪኩ የወሰደችው ግን ዲያብሎሱን ሳይሆን ክፍያውን ነው። መምህሩን አስወጥታ ሂሳቡን አስቀረችው፤ ከአሥር አንድ የነበረውንም ኪሳራ ከአራት ሦስት አደረገችው።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ተማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው፤ የአንዳንዶቹን ግን ስምና አገር ብቻ ነው የምናውቀው። መጽሐፉ እንደ ወጣ ደግሞ ስለ ድሬድ ጸጉር የተጻፈ አንድ አንቀጽ ጥቁር አንባቢዎችን አስቆጣ፤ ጸጉሩን ከተባይ መጠለያነት ጋር ያያያዘ ነበር። ደራሲዋ በይፋ ይቅርታ ጠይቃ አንቀጹን ከኋለኞቹ ኅትመቶች አወጣችው። ማውጣቷ ትክክል ነው። ይህን የምጠቅሰው ለከሳሽነት አይደለም። እያንዳንዷን ትንሽ ዝርዝር በዚህ ጥንቃቄ የመዘነች ጸሐፊ አንዷን ሳትመዝን ስታሳልፍ ጉዳቱ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ይህ የሂሳብ ጠባይ ከየት መጣ የሚል ካለ የሕይወት ታሪኳ ጥቂት ይጠቁማል። ኖቪክ በ1973 ኒው ዮርክ ተወለደች፤ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራለች። ወደ ልብ ወለድ ሙሉ በሙሉ ከመግባቷ በፊት በኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራ ላይ ተሳትፋለች። በጨዋታ ውስጥ ሌላውን ሕግ የሚጥስ ሕግ ካለ ተጫዋቹ በአንድ ቀን ያገኘዋል፤ ማለፊያ የለም። ያንን ጥንቃቄ ወደ ልብ ወለድ ይዛ የመጣች ይመስለኛል። ከዘንዶዎቹ ተከታታይ «ተመሬር» ጀምሮ በ2015 እስከ ወጣውና የኔቡላ ሽልማት እስካገኘው «አፕሩትድ» ድረስ ብዙ ጽፋለች። ከሁሉም ግን መዋቅሩ የጠበቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስማት የሚል ቃል ሲሰሙ የልጆች ነገር ነው ብለው የሚያልፉ አንባቢዎች ይህን መጽሐፍ ቢሞክሩት እወዳለሁ፤ ስለ ድህነት፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ኃይል፣ ስለ ትምህርት ቤት በር ግፊያ የተጻፈ ነውና። የመጀመሪያው ክፍል በ2020፣ «ዘ ላስት ግራጁዌት» በ2021፣ «ዘ ጎልደን ኢንክሌቭስ» በ2022 ወጥተዋል። አንድ ምክር ብቻ ልስጥ፦ የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ለኤል ከእናቷ የሚደርሳት አጭር መልእክት አለ፤ እሱን ያነበበ ሰው እስከ ጠዋት መታገሥ ስለማይችል ሁለተኛውን ክፍል አስቀድሞ አጠገቡ ያኑር።